በስኳር ክፍልና በጥርስ ክፍል መካከል ስላሉት አሥራ አራት እርምጃዎች

ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
በእስራኤል፣ በባርኔአ ሰፈር ለሚገኘውና ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው የጤና ማእከል
አሽቀሎን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላም ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በአፍዎ ውስጥ ለተተከሉት ጥርሶች ሁሉ ይሁን እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ ሕንፃዎ መስታወት የጠራ፣ ስኳርዎ እንደ ሠራተኞችዎ አካሄድ የረጋ፣ ድድዎም ወንበርዎን እንደያዙበት እጅ የጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ምኞት ያስቀደምኩት ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ የማገኘው ሰው ሁሉ፣ የአውቶቡሱ ነጂ ሳይቀር፣ አፉን በከፈተ ቁጥር ዓይኔ ድዱ ላይ እየሄደብኝ ተቸግሬአለሁ። ምላሴም በበኩሏ ከጧት እስከ ማታ የራሴን ጥርሶች እየዞረች ትነካካለች፤ የተነቃነቀ እንዳለ ትፈትሻለች። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። የፈራ ሰው ወይ ይጮኻል ወይ ይቀልዳል፤ መጮኹን በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ በትሕትና ስለከለከሉኝ በሁለተኛው እየተዳደርኩ ነው።

ስሜ አጥናፉ ይባላል። ከጎንደር ገጠር መጥቼ፣ በዚህች ከተማ የውኃ ቱቦ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ የሠራሁ፣ አሁን ግን በጡረታ ተቀምጬ ከባለቤቴ ከወይዘሮ ብርሃነሽና ከልጃችን ከታሊ ጋር በአጋሚም ሰፈር ስምንተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ሰው ነኝ። ይህ ደብዳቤ የብርሃነሽ ጉዳይ ነው። እርስዎ በስሟ ላያውቋት ይችላሉ፤ በእርስዎ ዘንድ የምትታወቀው በቁጥር ነውና። ስኳር ካደረባት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ በየሦስት ወሩ ከክንዷ ደም ይቀዳና ያለፈው የዘጠና ቀን ስኳሯ በአማካይ ምን ያህል እንደነበረ በአንድ ቁጥር ይነገራታል። ሰባት ከሆነ «ጎበዝ» ትባላለች፤ ስምንት ከሆነ ትመከራለች፤ ዘጠኝ ካለፈ እንደ ሰነፍ ተማሪ ቁጣ ይወርድባታል።

ማእከልዎን ለማያውቁ አንባቢዎች እንዲህ ብዬ ላስረዳ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ኮሪደር አለ። በግራ በኩል የስኳር ክፍል፣ በቀኝ በኩል የጥርስ ክፍል ይገኛል። ከበር እስከ በር አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ደጋግሜ ስለለካሁት ሊጠራጠሩ አይገባም። በዓለም ላይ ሰው ጨረቃን ረግጦ ተመልሷል ይባላል፤ ከእነዚህ ሁለት ክፍሎች አንዱ ወደ ሌላው አሥራ አራት እርምጃ ሄዶ «እንዴት አደርክ?» ያለበት ቀን ግን በመዝገብ አልተገኘም። በመካከላቸው የተላክነው እኛ ነን፤ እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት ሽማግሌ፣ ወረቀት ይዘን ስንመላለስ አሥራ አንድ ወር አለፈን።

ሆኖም ጨዋ ሰው ቅሬታ አያበዛም። እኔም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የስኳር ክፍሏን አኾት፣ ማለት ነርሷን፣ ወይዘሪት ሞሪያን ስለ ንቃቷ አመሰግናለሁ። አምና ከፋሲካ በፊት ሰባት ነጥብ አንድ የነበረው የብርሃነሽ ቁጥር በሐምሌ ስምንት ነጥብ ስድስት ሆኖ ሲገኝ፣ ሞሪያ ለአፍታ እንኳ ሳታመነታ ጥፋተኛዋን ለየቻት። «ምን ጣፋጭ ስትበዪ ከረምሽ?» አለቻት በዕብራይስጥ፤ ታሊም ተረጎመች። ብርሃነሽ እንደ ልማዷ አፏን በእጇ ሸፍና፣ «ንገሪልኝ ልጄ፤ ጣፋጭ በአፌ የገባው አንቺ የተዳርሽ ለት ነው፤ ከተፈታሽ እንኳ ይኸው ሦስት ዓመትሽ» አለች። ታሊ ይህን ሳትተረጉም ቀረች። ሞሪያ ግን ሳይተረጎምላትም መልስ ነበራት፤ «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት» ብላ አንድ ክኒን ጨመረች። ክኒኑ መጣ፣ ቁጥሩ ዘጠኝ ገባ። ሌላ ክኒን መጣ፣ ቁጥሩ ዘጠኝ ነጥብ አራት ሆነ። ብርሃነሽ ዳቦውን በሚዛን፣ ሩዙን በማንኪያ እየለካች ቀሚሷ እስኪሰፋት ከሳች። በዚህ ሁሉ ጊዜ «እስቲ ያን እጅሽን አንሽና አፍሽን ልየው» ያላት አንድ ሰው አልተገኘም፤ ስኳር የደም ጉዳይ፣ አፍ ደግሞ የማዶው ክፍል ጉዳይ ነውና።

የሞሪያ ጥርጣሬ ወደ እኔም ተጋባ። የተማረ ሰው ቃል አምኜ፣ አርባ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሚስቴን መሰለል ጀመርኩ። አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ የካፖርቷን ኪስ በረበርኩ፤ ከረሜላ አገኝ ብዬ ነው። ያገኘሁት የተጨማደደ የወረቀት መሐረብ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፤ ሁሉም ደም የነካው። ጥርሷን በቦረሸች ቁጥር፣ ዳቦ በገመጠች ቁጥር ድዷ ሲደማ ወራት አልፏል፤ እንዳልደነግጥባት ብላ በኪሷ ስትደብቀው ነው የከረመችው። «ያምሻል?» ብላት «ኧረ ምንም አያመኝም» አለች። እውነቷን ነበር። ይህ በሽታ ሳያም ነው ቤት የሚያፈርሰው። ሚስቴ ውሸታም ሆና ኪሷን ከረሜላ ሞልቶት በተገኘ ብዬ ከልቤ የተመኘሁት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛ፦ የጥርስ ክፍልዎን ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ተራ ይዘን፣ በእናንተው ቋንቋ ቶር ወስደን፣ ሁለት ወር ጠብቀን ገባን። እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ ድድ አንድ ነገር መናገር ግድ ይለኛል። ብርሃነሽ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ድዷን በመርፌና በጥላሸት ተነቅሳለች። በእኛ አገር ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ የቆነጃጅት ጌጥ ነበር፤ ከጌጥነቱም ሌላ ንቅሳት ድድ ያጠነክራል፣ ደም ያቆማል ይባል ነበር። ያገባኋት ድዷን አይቼ ነው ብል አልዋሸሁም፤ አንድ ቀን ከወንዝ ስትመለስ ሳቀች፣ በሳምንቱ ሽማግሌ ላክሁ። ወደ አባቶቻችን የአይሁድ እምነት ስንመለስ እንኳ ረቢዎቹ የሰባት ትውልድ ስም አስቆጥረውናል፤ አፏን ከፍቶ ያየ ግን አልነበረም። በዚህ አገር የብርሃነሽን ድድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ጥርስ የምታጸዳው የእርስዎ ሺረል ናት።

ሺረል አየች፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተስፈነጠረች፣ ጓደኞቿን ጠራች። ሦስት ሰው መጣ፤ አንዷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣች። «ይህ ነገር መቼ ጀመረሽ?» ስትባል ብርሃነሽ «በጃንሆይ ጊዜ» ብላ መለሰች፤ እንዲህ ያለ መልስ በኮምፒዩተሩ ላይ ስላልተዘጋጀ «አይታወቅም» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያም ክፉ በሽታ እንዳይሆን ተብሎ ለሌላ ሐኪም ሃፍናያ፣ የመላኪያ ወረቀት፣ ተሰጠን። ከድዷ ጥቂት ተቆርጦ ሄደ፤ ሰባት ሳምንት እንቅልፍ አጥተን ጠበቅን፤ መልሱ መጣ። ቀለሙ ቀለም ሆኖ ተገኘ። እኔ ይህን ያለ ምርመራ በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ደርሼበት ነበር፤ ቢሆንም በሳይንስ በመረጋገጡ ደስ ብሎኛል።

ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ ይቋረጥብኛል። ሁሉም ያዩት ቀለሙን ነው። የታመመ ድድ የሚታወቀው በመቅላቱ ነው ይባላል፤ ቅላት የሚፈልግ ዓይን በጥላሸት ላይ ምን ያገኛል? ያን ሁሉ ሳምንት በጥቁሩ ሥር ድዷ አብጦ፣ ከጥርሷ እየለቀቀ፣ መግል እየቋጠረ ነበር። ባለፎቶዋ እንኳ አላየችውም።

ሦስተኛ፦ ስለ ኮሪደሩ ወንበሮች አመሰግናለሁ። እጅግ ቀዝቃዛ ናቸው፤ ሰው እንዳይላመዳቸው ይረዳሉ።

አራተኛ፦ ሁለቱም ክፍሎችዎ እውነት ስለ መናገራቸው አመሰግናለሁ። የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ጋይ ልባም ሰው ነው፤ ከቀለሙ አልፎ የተመለከተው እርሱ ብቻ ነው። ቀጭን መለኪያ በጥርሷና በድዷ መካከል እያስገባ «ስድስት፣ ሰባት፣ ስድስት» እያለ አስጻፈ። ጤነኛ ድድ ከሦስት ሚሊሜትር አያልፍም አለን፤ የእርሷ ከጥርሷ ተለይቶ ኪስ ሆኗል፣ ከድድ በታች ጠልቆ መጽዳት አለበት፣ አለዚያ አጥንቱን ይበላዋል። ተነሥተን ልንመርቀው ስንል ወረቀቷን አየና ፊቱ ጠቆረ። «ቁጥሯ ዘጠኝ ነጥብ አራት ነው። በዚህ ስኳር ብነካት ቁስሉ አይድንም። ከስምንት በታች አውርዱና ከስኳር ክፍል ወረቀት አምጡልኝ» አለ።

አሥራ አራት እርምጃ ሄድን። ሞሪያ ወረቀቱን አነበበች። «ታዲያ ድዷ እንዲህ መግል ይዞ ስኳሩ እንዴት ይወርዳል? መጀመሪያ ጥርሱን ጨርሱ» አለች። ጣፋጩን አላነሣችም፤ ይቅርታም አላነሣችም። አሥራ አራት እርምጃ ተመለስን። ዶክተር ጋይ «መመሪያ ነው» አለ። አሥራ አራት እርምጃ ሄድን። ሞሪያም «መመሪያ ነው» አለች። አራት ጊዜ ተመላለስን። በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ቶር፣ በእያንዳንዱ ቶር አምስት አምስት ሳምንት።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ይህን ያረጋገጥኩት በሁለቱ በሮች መካከል በግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ነው፤ በዕብራይስጥ፣ በሩሲያኛና በአማርኛ ተጽፏል። የአማርኛው ተገልብጦ ነው የተለጠፈው። አንገቴን አጣምሜ ሳነብ ያየችኝ አንዲት ሠራተኛ አዝና፣ «የአንገት ሐኪም ሦስተኛ ፎቅ ነው» ብላኛለች። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ ስኳር ሲበዛ ደም ጀርምን የሚዋጋበት ጉልበት ይደክማል፣ የድድ ቁስልም ይበረታል፤ ድድ ሲቆስል ደግሞ ከቁስሉ የሚነሣው መርዝ ወደ ደም ገብቶ ሰውነት ለመድኃኒቱ እንዳይታዘዝ ያደርጋል፣ ስኳርም ይወጣል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሁለቱም ይብሳሉ። ድዱ በሚገባ ቢጸዳ ግን የሦስት ወሩ ቁጥር ግማሽ ነጥብ ያህል ሊወርድ ይችላል፤ አንድ ክኒን እንደ መጨመር ማለት ነው። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ድዱን ያስመርምር ይላል። ይህ ሁሉ ጥበብ ሳይገለበጥ ቢለጠፍና ከሁለቱ በሮች አንዱ ቢያነበው ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። በዕድሜዬ ውሸት ሰው ሲያጠፋ አይቻለሁ፤ ሁለት እውነቶች ተባብረው አንዲት ሴት ላይ ሲነሡ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አምስተኛው ምስጋና ሌላ በር እንድንፈልግ ስላደረጉን ነው፤ እጄ ግን እምቢ እያለኝ ነው የምጽፈው።

አራተኛውን ጊዜ ተመልሰን በአውቶቡስ ስንሄድ ብርሃነሽ በመስኮት እያየች፣ «እኔ የገባኝን ልንገርህ? ድዴ ልብሱ አልቆበት ነው። ንቅሳቱ በእርጅና ስለሳሳ ነው ደሙ የሚወጣው። የልጅነቱን ቢያገኝ ይቆማል» አለች። እኔ ምን አልኩ? አንገት ተጣምሞም ቢሆን ማስታወቂያውን ያነበብኩ ሰው «ተይ» ማለት ነበረብኝ። ግን አሥራ አንድ ወር ሰው «ተመለሱ» ሲለኝ ከርሜ፣ «ኑ» የሚል በር መኖሩ ብቻ ደስ አለኝ። እናቷም፣ አያቷም ድዳቸው ሲደማ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቶር የለውም፣ ወረቀት የለውም፣ ተርጓሚ አይፈልግም።

እውነተኛ ስሟን የማልጽፈው፣ ለዚህ ደብዳቤ ሲባል ኣበራሽ የምላት ከትግራይ የመጣች ወዳጃችን በአገር ቤት ሳለች እጇ የተመሰገነ ነቃሽ ነበረች። ሠላሳ ዓመት መርፌ አላነሣችም፤ ብርሃነሽ ለምናት ነው። ሰባት የልብስ መርፌ በክር አሠረች፣ በአረቄ አጠበች፣ ከዘይት ኩራዝ በላይ ድስት ደፍታ ጥላሸት ሰበሰበች። «ኣጆኺ ሓፍተይ» እያለች፣ አይዞሽ እህቴ እያለች፣ ወጋቻት። የስልኬን መብራት አብርቼ የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ማንም አላየም፤ የምጽፈው ማንም ስላላየ ነው። ቁጥሯ ዘጠኝ ነጥብ አራት የሆነች፣ ድዷ መግል የቋጠረ ሴት፣ መግሉ ላይ በጥላሸት መርፌ ስትወጋ መብራቱ ከድዷ እንዳይዛነፍ እጄን በእጄ ደግፌ ያዝኩ።

ሁለት ቀን ደሙ ቆመ። ብርሃነሽ በመስታወት ድዷን እያየች፣ «ተመልከት፣ ሙሽራ ሆንኩልህ» ብላ እጇን ሳታስቀድም ሳቀች። እኔም እንደ ሞኝ አብሬ ሳቅሁ። እርስዎንም በልቤ ሰደብኩዎት፤ ለዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስድቡ ስለቸኮለ ነው እንጂ ስለተሳሳተ አይደለም።

በአራተኛው ቀን ጧት ግራ ጉንጯ አብጦ ነቃች። እኩለ ቀን ሲሆን እብጠቱ ከአገጯ በታች ወርዶ ነበር፤ ውኃ ስትውጥ በአፍንጫዋ ተመለሰ። ጣቷን ወግተን የስኳር መለኪያውን ስናይ ቁጥር የለም፤ ሁለት ፊደል ብቻ። ይህ መሣሪያ በዘጠኝ ዓመት ቁጥር አልጻፍም ብሎ አያውቅም። «አባ፣ ከሚቆጥረው በላይ አልፏል ማለት ነው» አለች ታሊ፤ ድምፅዋን እንዲያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

አሁን ከሆስፒታሉ ነው የምጽፍልዎት። ሚዩን፣ የድንገተኛው ክፍል፣ በገባን በሰዓቱ አንገቷን ከታች ቀድደው መግሉን አፈሰሱ፣ ሁለት ጥርስ ነቀሉ። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት፤ ዶክተር ቤተል ትባላለች፤ እዚሁ የተወለደች የእኛ ልጅ ናት። የብርሃነሽን ድድ በመብራት አየችና ወደ እኔ ዞራ፣ «አባባ፣ በምን ተወጋች?» አለችኝ።

«በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት» አልኩ።

«ሃያ ጊዜ? በአንድ መስመር?» አለች።

ኣበራሽን ፖሊስ ይወስዳታል ብዬ ፈራሁ። ብርሃነሽ በባዕድ ፊት ትዋረዳለች ብዬ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ «መብራቱን ማን ያዘ?» እንዳልባል ፈራሁ። አንድ ቀን ተኩል ዝም ብዬ ስቀመጥ ትኩሳቷ ለመድኃኒቱ እምቢ አለ፤ የሚሰጧት መድኃኒት እኔ በነገርኳቸው እንጨት ልክ የተመረጠ ነበርና። ክቡር ሆይ፣ ያስቡት፤ ወደ እርስዎ ማእከል አሥራ አንድ ወር ተመላልሼ «አልሰማ አሉኝ» ያልኩ ሰው፣ በመጨረሻ የሚሰማ ሐኪም ሳገኝ የምነግረው ውሸት ሆነ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ተነሥቼ ዶክተር ቤተልን በኮሪደሩ አቆምኳትና መርፌውንም፣ ጥላሸቱንም፣ ድስቱንም፣ መብራቱንም ነገርኳት። «አባባ፣ ላማ?» አለች፤ ለምን ማለቷ ነው። «ይህንን ትናንት ቢነግሩኝ ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ሳትጨርስ ወደ ስልኩ ሮጠች። መድኃኒቱ ተቀየረ፤ ሌላ መርፌ ተወጋች፤ ሌላ ደም ተቀዳ። የዓረፍተ ነገሯን መጨረሻ ግን እስካሁን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እብጠቱ ከአንገቷ ወደ ደረቷ እንዳይወርድ ነው የሚጠብቁት። ነገ ጧት በራጅ ሥዕል ያዩታል፤ ወርዶ ከተገኘ እንደ ገና ይቀድዱታል። ብርሃነሽ መናገር ስለማትችል ስገባ እጄን ትጨብጣለች፤ ዛሬ የጨበጠችው ከትናንቱ የላላ ይመስለኛል፤ ምናልባት የእኔ እጅ ይሆናል የላላው።

ኣበራሽ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ አትነሣም። የልብስ መርፌ እንኳ ሁለተኛ በእጇ ላትይዝ ምላለች። እኔም ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ እናቶችና እህቶች በሙሉ፣ ያለ ቀልድ፣ እላለሁ፦ ድዳችሁ ከደማ አትነቀሱት፤ እናቶቻችን ያደረጉት ስኳር ሳይኖርባቸው ነው። ሐኪም ስትጠይቁም ያደረጋችሁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ዝምታዬ ስንት ሰዓት እንደ በላ ነገ ጧት ይታወቃል።

ለእርስዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ትእዛዝ የለኝም፤ እኔ ማን ነኝና። ነገር ግን ከአሥራ አራቱ እርምጃዎች ቢያንስ ሰባቱን አንድ ሠራተኛዎ እንዲራመድልን እለምናለሁ፤ ሰባቱን እኛው እንሸፍናለን። ሞሪያ ቁጥር በወጣ ቁጥር ከጣፋጩ በፊት ስለ ድድ እንድትጠይቅ። ሺረልም ጥቁር ድድ ስታይ ስልክ ሳይሆን መለኪያ እንድታነሣ፤ በዚህች ከተማ የልጅነት ንቅሳታቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚስቁ ስንት እናቶች እንዳሉ እኔ አውቃለሁ፤ ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ ግን እኔም፣ እርስዎም፣ እነርሱም አናውቅም። እኔን ከብርሃነሽ ቀጥሎ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ማስታወቂያውን ለማቃናት እርስዎ ሳይለፉ እኔ ራሴ መጥቼ እሠራዋለሁ፤ መሰላል ብቻ ቢፈቀድልኝ።

ዘመንዎ ይርዘም፣ ሥልጣንዎ ይጽና፣ የሚስትዎ ድድ ለዓይን የሚመች ሮዝ ይሁንልዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከአክብሮቱ በሚበልጥ ፍርሃት እሰናበታለሁ።

የብርሃነሽ ባል፣
አጥናፉ ካሣሁን
ከሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ክፍል ደጃፍ፣ አሽቀሎን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለዶክተር ጋይ አንድ የምሥራች እንዲያደርሱልኝ እለምናለሁ። ያዘዘን ተፈጽሟል። የሦስት ወሩ ቁጥር ገና ቢሆንም፣ የዕለቱ ስኳር በደም ሥሯ በሚንጠባጠበው ኢንሱሊን ወርዶ ዛሬ ጧት መቶ ሠላሳ ሆኗል፤ በእነዚህ አሥራ አንድ ወራት ውስጥ እንዲህ የተስተካከለ ስኳር አይተን አናውቅም፤ ወረቀቱም ከነማኅተሙ በእጄ ነው። እንግዲህ ድዷን ከማጽዳት የሚከለክለው ምንም መመሪያ የለም። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንጋጋዋ ስለተቆለፈ አፏ አይከፈትም።